ወሬ የቀደመኝ መንገድ፦ ከደሴ እስከ ጥጥ እርሻው የመኪና መሮጫ

ጌታነህ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ባሌ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ደሴ ቤታችን ደጃፍ በተተከለው ድንኳን ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ፣ «ወንድሜን በዚያ ጭጋግ ወደ ኮምቦልቻ የሰደደችው እሷ ናት፤ አልሄድም ቢላት ሂድ አለችው» ብሎ ተናገረ። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሴቶቹ መሃል ነበርኩ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ቆይቶ አንዲት ሴት አለቀሰች፤ ለባሌ ይሁን ለእኔ አላወቅሁም።

ሂድ አላልኩትም። ይህን ያኔ አልተናገርኩም፤ ሐዘንተኛ ሴት በባሏ ልቅሶ ላይ ቆማ አትከራከርም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ደሴ ውስጥ ሰላም የሚለኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ፊቴን አይቶ፣ ትንሽ ቆይቶ ነው ሰላም የሚለኝ። ያቺ ትንሽ ቆይታ ስምንት ዓመት ሙሉ አልቀረችም።

መኪናችን ጣሊያን ጥሏት የሄደ ትንሽ ጥቁር መኪና ነበረች። ባሌ በጭጋጉ መንገድ ስቶ ገደል ሲወድቅ እሷን አፋፉ ላይ ባሕር ዛፍ ይዞ አስቀርቷት ነበር። ጌታነህ አስጎትቶ «ጠግኜ አመጣታለሁ» ብሎ ወሰዳት፤ አላመጣትም። ቆላ ወርዶ የአንድ ጥጥ እርሻ ጋራዥ ኃላፊ ሆነ። ዘንድሮ ከአሰብ የሚመለሱ ሾፌሮች በእርሻው ሜዳ ላይ መኪና እንደሚያሽቀዳድሙ፣ ጌታነህን በዚያች መኪና የሚቀድመው እንዳልተገኘ ሲያወሩ ሰማሁ። በሽቅድምድሙ ቀን የእርሻው ሰው አንድ ሳይቀር ይሰበሰባል አሉ። መኪናዋን ፈልጌ አይደለም የሄድኩት። በሰው ፊት ያለውን በሰው ፊት እንዲመልስ ነው። አገሩን አይተውት ለማያውቁ፣ ምናልባትም ለማያዩት፣ ያየሁትን በየቀኑ እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

ሰኞ። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ወደ አሰብ ከሚወርደው ከጋሽ ሞላ ጋር በትሬንታ ኳትሮ ጭነት መኪናው ጋቢና ተሳፈርኩ። ሞላ ወፍራም፣ ወሬ የማይሰለቸው፣ የአፋር ቋንቋ እንደ ራሱ የሚናገር ሾፌር ነው። ከደሴ ስንወጣ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ባሌ የወደቀበት መታጠፊያ ላይ ሞላ ጥሩምባውን ነፋ። ሾፌሮች ሁሉ እዚያ ሲደርሱ ለሞቱት እንደሚነፉ ነገረኝ። አላመሰገንኩትም። ነገር ግን ጥሩምባው ከጆሮዬ እስከ ባቲ ድረስ አልወጣም፤ በእንቅልፌም በጭጋግ ውስጥ አንድ ሰው ከሩቅ የሚጠራኝ ይመስለኝ ነበር።

ባቲ የደረስነው ገበያው በቆመበት ሰዓት ነው። የደሴ ገበያ ሰው ይገፋል፤ የባቲ ገበያ ግመል ይገፋል። አልጋ ያለበት ቤት ሁሉ ሞልቶ ስለነበር ሞላ ዘሀራ ወደምትባል ጨርቅ ሻጭ ወሰደኝ። ዘሀራ ማንነቴን ሳትጠይቅ አልጋዋን ለቀቀችልኝ፤ እሷ ሰሌን ላይ ተኛች። ሥጋ ስታቀርብልኝ የእስላም እርድ እንደማልበላ ስላወቀች ሳልናገር ሳህኑን መልሳ በእንቁላል ለወጠችው። የደሴ ጎረቤቶቼ ስምንት ዓመት እንዲህ አላሰቡልኝም። ይህን እያሰብኩ ተናድጄ ተኛሁ።

ማክሰኞ። ከባቲ በኋላ ምድሩ ይዘረጋል። ተራራው ከኋላችን ሰማያዊ እየሆነ፣ እየሳሳ፣ መጨረሻ ላይ ጭስ መሰለ። እኛ አገር ዓይን ሄዶ ሄዶ ከአንድ ነገር ጋር ይጋጫል፤ እዚህ ዓይን የሚያርፍበት የለውም። ሙቀቱ መሬቱን ውኃ ያስመስለዋል። ግራሮቹ ውኃው ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ስንቀርብ ውኃው ይሸሻል። ስንት ጊዜ እንዳንቀላፋሁ አላውቅም። ስነቃ ያው ሜዳ፣ ያው ግራር፣ ያው የሞላ ድምፅ ነው። የሄድን አልመሰለኝም።

ከሚሌ በፊት የኋላ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማውም ተንፍሷል። ሞላና ረዳቱ ጎማ ፈተው ሲለጥፉ ቀኑ አለቀ። በዚያ መሃል ሁለት አፋሮች ግመሎቻቸውን እየነዱ መጡ። ሞላ ሥራውን ጥሎ እጁን ጠራርጎ ከሰዎቹ ጋር ጥላ ውስጥ ቁጭ አለ። አንዱ ሲናገር ሌላው «ኤ… ኤ…» እያለ ይቀበላል። ፀሐይ እየገደለን ጎማው እየጠበቀ እንዲህ መቀመጥ ምን እንደሆነ ጠየቅሁ። ሞላ ዳጉ እንደሆነ ነገረኝ። በዚህ አገር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ፣ ከማን እንደሰሙ ጭምር፣ ሳይሰጣጡ አይተላለፉም። ውኃ የት እንዳለ፣ ማን እንደሞተ፣ የማን ግመል እንደጠፋ የሚታወቀው በዚህ ነው። አሁን ሰዎቹ ስለ እኔ ጠይቀዋል፤ ምን ልበላቸው አለኝ።

እኔ የሄድኩበትን ጉዳይ ለማንም አልናገርም። ጌታነህ መምጣቴን ሰምቶ ከሜዳው እንዲሰወርም አልፈልግም። ስለዚህ፣ «የባሌ ወንድም፣ የጥጥ እርሻው ጋራዥ ኃላፊ ጌታነህ፣ ታሞ ሊሞት ነው ተብዬ ልጠይቀው እየሄድኩ ነው በላቸው» አልኩት። የታመመ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ማንም አይጠረጥረውም።

ሞላ ወደ እኔ ዞረ። «እማማ አስካለ፣ ዳጉ ላይ ውሸት አይገባም። እውነት ነው?»

«ንገራቸው» አልኩት።

ነገራቸው። ሰዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንደኛው ከግመሎቹ ጋር ቀረ፤ ሌላው ወደ ታች የሚያልፍ ጭነት መኪና አስቁሞ ከላይ ወጣ። እኛ ጎማችን ሥር ቀረን። እኔ በዚያን ሰዓት ስለ ጎማው ብቻ ነበር የማስበው። ሚሌ ስንደርስ መሽቶ ስለነበር መኪናው ውስጥ አደርን።

ረቡዕ። ሎጊያ ሾፌሮች የሚውሉባት፣ ነዳጅ፣ ጋራዥና ምግብ ቤት የተሰለፉባት መንደር ናት። ጾም ስለነበር ፓስታ በቲማቲም ብቻ በላሁ፤ ደሴ ከሚሠራው ይሻላል፣ ይህን ለመናገር አላፍርም። ከሎጊያ ወዲያ ሰመራ የሚሉት ሜዳ አለ፤ ቤት የሚባል የለበትም፣ ድንጋይና ነፋስ ብቻ ነው። ሞላ ወደ ሰርዶና ወደ አሰብ ከመቀጠሉ በፊት ወደ እርሻው በሚያስገባው መንገድ ታጥፎ የሠራተኞች ምግብ ቤት በር ላይ አወረደኝ። በመልስ ጉዞው ሰኞ ሊወስደኝ ተስማማን።

ምግብ ቤቱን የምታስተዳድረው በላይነሽ የጎጃም ሴት ናት። ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ጌታነህ ለማንም ሳይናገር እንዲህ መታመሙ ምን ዓይነት ሆድ ነው፣ ትናንት እንኳ ሞተር ሲፈታ አይታዋለች፣ እግዜር ያውቃል እንጂ ሰው ምን ያውቃል አለች። ለአንድ መንገደኛ የተናገርኩት ቃል ከእኔ ቀድሞ ገብቶ፣ እራት በልቶ፣ አልጋ ይዞ ጠበቀኝ።

ውሸቱን ለበላይነሽ አልነገርኳትም። የምትወደውን ክፍል፣ ከወንዙ ነፋስ የሚገባበትን፣ ለእኔ ሰጠችኝ። ለሚሞት ሰው ዘመድ የሚሰጥ ክፍል ነበር። በመስኮቱ ጥጡ እስከ ዓይን መጨረሻ ነጭ ነው። ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለ ንጣት የማውቀው በረዶ የጣለ ዕለት ብቻ ነው፤ ይህ ግን በረዶ ሆኖ ይሞቃል።

ሐሙስ። በላይነሽ ጠዋት መሮጫውን አሳየችኝ። ታሪኩንም እየሄድን ነገረችኝ።

ሜዳው በመጀመሪያ የተሠራው ለመኪና አልነበረም። ጥጡ ላይ መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን ስትመጣ የምታርፍበት ቦታ አስፈለገ፤ ግሬደር መሬቱን ላጠው፣ ውኃ አርከፈከፉበት፣ ፀሐይ እንደ ሸክላ ጋገረው። ጥጥ ለመጫን ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች ቀኑ ሲረዝምባቸው «እስከዚያ ጫፍ ማን ይቀድማል» መባባል ጀመሩ። የመጀመሪያው ሽቅድምድም በጂፕና በትራክተር መካከል ነበር ይባላል፤ ጂፑ መሃል መንገድ ላይ ሞተሩ ስለጠፋ ያሸነፈው ትራክተሩ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ፍየል ተገጨች፤ የውጭ አገር ሰው የሆነው ሥራ አስኪያጅ ጨርሶ ከለከለ። ሾፌሮቹ ግን ተዉ ሲባሉ በሌላ ቦታ፣ ቦይ ባለበት ሜዳ መሽቀዳደም ጀመሩና ሁለት መኪና ቦይ ውስጥ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ከዚህስ ያው ይሻላል ብሎ በለቀማው ወቅት በዓመት አንድ ቀን ፈቀደ።

ችግሩ በሜዳው መሃል የግመል መንገድ ማለፉ ነበር። አባ ሁመድ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ፣ አባቶቻቸው ግመል ወደ አዋሽ የሚያወርዱበት መንገድ ስለሆነ፣ አውሮፕላኗም መኪናውም በእሳቸው መንገድ ላይ እንግዳ ነው አሉ። በመጨረሻ ስምምነት ተደረገ። በሽቅድምድሙ ቀን መጀመሪያ የሚያልፉት የአባ ሁመድ ግመሎች ናቸው። ካለፉ በኋላ ሽማግሌው መነሻው የኖራ መስመር ላይ ቆመው «መንገዱ ክፍት ነው» ይላሉ። ይህን ሳይሉ መኪና አይንቀሳቀስም። እስከ ዛሬ ማንም ይህን አልጣሰም።

መሮጫው ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይይዛል። መሃሉን ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ይከፍሉታል። መነሻው ላይ አንድ ወፍራም የኖራ መስመር አለ። መድረሻው ላይ በግራና በቀኝ ባዶ በርሜል ይዘው ሁለት ሰዎች ይቆማሉ፤ ቀድሞ ባለፈው መኪና በኩል ያለው በርሜል ይመታል። ሰዓት አይያዝም፤ የሚፈለገው ማን ቀደመ ብቻ ነው። ከመድረሻው ወዲያ ፍሬን የማይይዝላቸው እንዲቀበሩበት መሬቱ በትራክተር ታርሶ ለስልሷል። ተመልካቹ የሚቀመጠው እንደ ደረጃ በተደረደረ ታስሮ በተጠቀለለ ጥጥ ላይ ነው። ከላይ የጆንያ ጣሪያ፣ ከጎን በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለሉ የውኃ በርሜሎች። ደሴ ውስጥ ለንጉሥ በዓል የሚሠራው መድረክ እንደዚህ አይመችም፤ ጥጥ ላይ ተቀምጬ ወገቤ እንደዚያ ቀን አርፎ አያውቅም።

በጣም የገረመኝ ግን ሚዛኑ ነው። ከጥጥ መዳመጫው አጠገብ ጥጥ የሚመዝኑበት ትልቅ ሚዛን አለ። የሚሽቀዳደሙት መኪኖች እየወጡ ይመዘናሉ። ቀላሉ መኪና ከከባዱ እኩል እስኪሆን የጥጥ ፍሬ በጆንያ ይጫንበታል። በላይነሽ እንዳለችው የጌታነህ መኪና ትንሽ ስለሆነች ብዙ ጆንያ ትሸከማለች፤ እንዲያም ሆኖ ትቀድማለች። ጋራዡ በር ላይ ቆማ አየኋት። ቀይ ቀለም ቀብቷታል። ባሌ ጥቁር ይወድ ነበር።

ዓርብ። ቀኑን ሙሉ ሰው ወደ ጌታነህ ቤት ሲመላለስ በመስኮቴ አየሁ። አፋሮቹ ወተት ይዘው፣ ለቃሚዎቹ ዳቦ ይዘው ይሄዳሉ፤ እየሳቁ ይመለሳሉ። ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ወተቱን ግን መመለስ ነውር ስለሆነ ይጠጣል አሉ። ለእኔም የግመል ወተት መጣልኝ፤ የእኛ ሃይማኖት እንደማይፈቅድ፣ ቀኑም ጾም እንደሆነ ሲነገራቸው ሳይከፉ ተምርና ውኃ ይዘው ተመለሱ።

ወደ ማታ ጌታነህ ራሱ መጣ። ሸብቷል። በሩ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ልትቀብሪኝ መጣሽ? ከመሞቴ በፊት ነገ ሮጬ ልሙት» አለ። በላይነሽ ከት ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ለምን መጣሽ ብሎ ሲጠይቀኝ ነገ እነግርሃለሁ አልኩት። ወንበር ሳብኩለት፤ አልተቀመጠም።

ቅዳሜ። ሰው ጥጡ ላይ ሞልቶ፣ ሥራ አስኪያጁ ባርኔጣውን አድርጎ ተቀምጦ፣ የአባ ሁመድ ግመሎች አለፉ። እንዲህ ያለ ነገር በሕልም ነው የሚታይ። ግመሎቹ ከሜዳው ጫፍ ሲመጡ እግር አልነበራቸውም፤ በሙቀቱ ውኃ ላይ አንገታቸው ብቻ ይዋኝ ነበር። ሲቀርቡ እግር አወጡ። ድምፅ የለም። የመጨረሻዋ ግመል መስመሩን ስታልፍ አባ ሁመድ ኖራው ላይ ቆሙ። ቆሙና ዝም አሉ።

ጌታነህ በቀይዋ መኪና ውስጥ ሞተር አስነሥቶ ይጠብቃል። ቆይቶ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «አባ ሁመድ፣ ምን ሆኑ?»

ሽማግሌው በአማርኛ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ዓይኔ ጤነኛ ያይሃል። ወሬው ልትሞት ነው ይላል። ዓይኔና ወሬው ሳይታረቁ መንገድ አልከፍትም። የሚሞት ሰው መሪ ይዞ ሰው ቢጨርስ ደሙ በማን ነው?»

በጎን ካለው ጂፕ ውስጥ ተጋጣሚው፣ «ጌትዬ፣ መሸነፍ ከፈራህ ራስ ምታት ይበቃ ነበር፤ እስከ ሞት ምን አደረሰህ» አለ። ጥጡ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። አባ ሁመድ አልሳቁም። ወሬው ከወጣበት አፍ መመለስ አለበት አሉ። የበላይነሽ ዓይን ወደ እኔ ዞረ፤ ከዚያ የሌላው፣ ከዚያ የሁሉም። ከጥጡ ላይ ወርጄ ኖራው ድረስ ሄድኩ። መንገዱ አጭር ነበር፤ በዚያ ፀሐይ ግን እንደ ሐረጎ ረዘመብኝ።

«አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ታሟል ብሎ የነገረሽ ማን ነው?»

«ማንም።»

«አይተሻል?»

«አላየሁም። ዋሽቻለሁ።»

ጥጡ ላይ ጉምጉምታ ተነሣ። አባ ሁመድ እጃቸውን አነሡና ጸጥ አደረጉት። በዳጉ የዋሸ ሰው በዚህ አገር መንገድ ላይ ውኃ እንደማይሰጠው፣ እኔ ግን ደገኛ ስለሆንኩ ምናልባት አላወቅሁ እንደሆነ ተናገሩ። አውቅ ነበር፣ ሾፌሩ ነግሮኛል አልኳቸው። አዩኝ። እንግዲያ ለምን እንደዋሸሁ ጠየቁኝ። እኔም ስምንት ዓመት የያዝኩትን በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው፤ ድንኳኑን፣ ጭጋጉን፣ ሂድ አለችው የተባልኩትን። «መምጣቴን እንዳያውቅ ዋሸሁ። የመጣሁት ያለውን እንዲመልስ ነው» አልኩ።

አባ ሁመድ ወደ መኪናዋ ዞሩ። «ሂድ ስትለው ሰምተሃል?»

«አባ ሁመድ፣ ይሄ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።»

«መንገዱ የእኔ ነው። የት ነበርክ?»

«ኮምቦልቻ።»

«የነገረህ ማን ነው?»

ጌታነህ ሞተሩን አጠፋ። ከሞተሩ በኋላ የመጣው ጸጥታ ያን የድንኳኑን ጸጥታ ይመስል ነበር። መሪውን ይዞ ወደ ፊት እያየ ተናገረ፤ ከእኔና ከሽማግሌው በቀር የሰማው አልነበረም።

«ጥጡ ላይ ያሉት አልሰሙም» አሉ አባ ሁመድ።

ጌታነህ ከመኪናዋ ወረደ። «ማንም አልነገረኝም። አላየሁም፣ አልሰማሁም። ወንድሜ ሞቶብኝ የተናገርኩት ነው» አለ፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ እስከ ውኃው በርሜሎች ተሰማ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ሌላ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። እኔ ተመልሼ ወደ ጥጡ ሄድኩ። የምፈልገው ተነግሯል።

አባ ሁመድ አንድ ነገር ፈረዱብኝ፤ በመመለሻዬ መንገድ ላይ የማገኘውን መንገደኛ ሁሉ አስቁሜ የዋሸሁትን በእውነተኛው እንድለውጥ። ከዚያ «መንገዱ ክፍት ነው» አሉ።

ሁለቱ መኪኖች ሲነሡ አቧራው ሸፈናቸው፤ ከአቧራው ሲወጡ እንደ ግመሎቹ በውኃ ላይ ነበሩ፣ ጎማ አልባ፣ ከመሬት ከፍ ብለው። ለአፍታ ቀይዋ ጥቁር መሰለችኝ። ከዚያ የግራው በርሜል ተመታ። ጌታነህ ቀደመ። እውነት ስለሆነ ይህንንም እጽፈዋለሁ።

እሑድ በጸሎቴ ቆየሁ። በላይነሽ ክፍሉን አልነጠቀችኝም፤ ቁርስ ስታቀርብ ግን፣ «ለቅሶዬን መልሺልኝ እንጂ» አለችኝ። ይህን ሁሉ ቀን ሳልስቅ ቆይቼ ያኔ ሳቅሁ።

ሰኞ ሞላ መጣ። ሁሉን ሰምቶት ነበር፤ ከአሰብ መመለሻው ላይ፣ ሰርዶ ሳይደርስ። ከሎጊያ እስከ ባቲ ያገኘነውን ግመል ነጂ ሁሉ አስቆምነው። ሞላ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፣ እኔም እቀመጣለሁ፣ ሰዎቹ «ኤ… ኤ…» ይላሉ። ጌታነህ አልታመመም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። ሁልጊዜም ቀጥዬ፣ ጌታነህም በባሌ ልቅሶ ላይ የተናገረውን አላየም፣ አልሰማም፣ ይህንን በሕዝብ ፊት ራሱ ተናግሯል፣ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ አልኩ። አባ ሁመድ ይህን ጨምሪ አላሉኝም። ግን እውነት ነው። ባቲ ዘሀራ ቤት ስንደርስ ዘሀራ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ሰምቻለሁ» አለችኝ፤ አልጋዋንም እንደገና ለቀቀችልኝ።

ደሴ እንደገባሁ ሻንጣዬን አስቀምጬ ወጣሁ። በዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ከነበሩት በሕይወት ያሉትን ሁሉ በየቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ማን እንደተናገረ፣ የት እንደተናገረ፣ በማን ፊት እንደተናገረ ነገርኳቸው። ጌታነህን ይቅር በይው ያለኝ ሰው አልነበረም። እኔም ይቅር አላልኩትም።